ከልጅ ልጆቼ ጋር በአሞራ ገደል

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ይዤ ሐዋሳ ወረድኩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወንዱ ዘጠኝ፣ ሴቷ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሐይቅ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ለልጁም ጀልባ ላይ አወጣሃለሁ ካልኩት ዓመት አልፎታል።

አሞራ ገደል የደረስነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች የሚመለሱት በማለዳ ስለሆነ አርፍዶ መሄድ አያዋጣም። ከሐይቁ ዳር ቆሮሶና አምባዛ ይገፈፋል። አባ ኮዳዎቹ መላጣ አንገታቸውን ሰብቀው ቅሪቱን ይጠባበቃሉ። ትንሿ፣ «አያቴ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው?» ብላ አሳቀችን።

ዛፎቹ ላይ አንዲት ጉሬዛ ነጭ ግልገል አቅፋ አየን። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ሁለመናው ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ፀጉር የሚመጣው ቆይቶ ነው። ጉሬዛ ቅጠል በላ፣ ጭምት እንስሳ ነው። ጦጣዎቹ ግን የትንሿን ሙዝ ከእጇ መንትፈው ሄዱ። እባካችሁ፣ ልጆች ጦጣ እንዲመግቡ አትፍቀዱ። ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም።

ዞር ስል ልጁ ጫማውን አውልቆ ወደ ውኃው ሊገባ ነው። ጮህኩበት። በነርስነት ዘመኔ ሰገራቸው ከደም የተቀላቀለ፣ ሆዳቸው የተነፋ ልጆች አይቻለሁ። የብልሃርዝያ ትል በዓይን አይታይም፤ ውኃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ ሰርስሮ ይገባል። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርም ከዚህ ነፃ አይደለም። መድኃኒት አለው፤ ልጃችሁ ገብቶ ከነበረ ለሐኪሙ መንገርን አትርሱ።

ቀጥሎ ጀልባ ጠየቅን። ለልጅ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት አልነበረም። ባለጀልባው «እማማ፣ ምንም አይሆኑም፣ እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት» አለኝ። የአዋቂውን ጃኬት ለልጁ ባለብሰው በራሱ ላይ ሾልኮ ወጣ። «በቃ፣ አንሄድም» አልኩ። ልጁ አለቀሰ፤ ምሳ ላይ የዓሣ ጥብስ ቀርቦለት እንኳ አላናገረኝም።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነርስ ዓይኔ የልጆቹን ደስታ እየነጠቀ ይሆን? ሁሉ ነገር ላይ በሽታና አደጋ ማየት ልማድ ሆኖብኛል።

በማግስቱ ነፋሱ ሳይነሳ ማልደን ሄድን። ሦስት ሰዎች ጠይቀን አራተኛው ልክ የሆኑ ሁለት ጃኬቶች አወጣ። ማሰሪያውን እኔው ራሴ አጠበቅኩ። ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። ጉማሬዎች ሲታዩ ባለጀልባው ርቆ ቆመ፤ የሚታየው ጆሮና አፍንጫቸው ብቻ ነው። ልጁ ምንም ሳይናገር እጄን ያዘ።

ማታ ለእናቱ ሲደውል ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። «ትናንት አያቴ ጀልባ ከልክላኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ጃኬቱን እሷ ነች ያሰረችልኝ» አላት። ስለ ጉማሬው የነገራት ከዚያ በኋላ ነው።