ከሸማው ሥር

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከንጉሥ ላሊበላ ቀጥሎ እንደነገሠ በሚነገርለት በነአኩቶ ለአብ ስም የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ ይገኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጸበል በድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል። ያደግሁት በዚያ አካባቢ ነው።

አባቴ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። በየወሩ በ12 ማኅበርተኞቹ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላ ይቀዳል። በመጨረሻም ጽዋው በነጭ ሸማ ተሸፍኖ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሸኛል። ሽማግሌዎቹ የሚመክሩበት ሰዓት ሲደርስ ልጆች ወደ ደጅ እንድንወጣ እንታዘዝ ነበር። እኔም ምስጢሩ ሁሉ ከዚያ ሸማ ሥር ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓመት ተራው የእኛ ሆነና፣ ዳቦዬን እየገመጥሁ፣ ሰው ሳያየኝ ገለጥሁት… ጠላ ጠላ የሚሸት ጽዋ ብቻ!

ስለ አሜሪካ ተማሪዎች የወንድማማችነትና የእኅትማማችነት ማኅበራት ሳነብ ያ ሸማ ትዝ አለኝ። በ1776 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፋይ ቤታ ካፓ የምስጢር መሐላና የራሱ የእጅ አጨባበጥ ነበረው። በ1831 እ.ኤ.አ. ምስጢራዊነቱን ተወ፤ ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። ታዲያ የተሸፈነው ነገር ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ መሸፈኑ ለምን አስፈለገ?

መልሱን ያገኘሁት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ቦታው ለእኔ ተላለፈ። ጽዋውን በተቀበልሁበት ማታ የማኅበሩ ሙሴ አጠገቡ አስቀመጠኝና፣

«ልጄ፣ ሸማውን የገለጥህ ለት የበላኸው ዳቦ የማን እንደ ነበር ታውቃለህ?» አለኝ። ለካ አይቶኝ ኖሯል! «ያን ዓመት ገብሳችሁን በረዶ መታው። አባትህ ‘ተራዬን እለፉኝ’ ማለት አፈረ። ጠላው የሚጠነሰስበት ጊዜ ሳያልፍ፣ እያንዳንዳችን በሌሊት እህል አምጥተን ከደጃፋችሁ አኖርን። እናትህ ፈጨች፤ አባትህ ጋበዘን። ለማንም አልተነገረም። አሁን ግን አንተም ማኅበርተኛ ነህ።»

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የደንበኛን ሂሳብ ለሌላ እንዳልገልጥ ፈርሜያለሁ፤ ለዚሁም ደመወዝ ይከፈለኛል። እነዚያ ገበሬዎች አልፈረሙም። የአንድን አባወራ ፊት ከልጆቹ ዓይን ሳይቀር ለዓመታት ሸፍነው ኖሩ። ሸማው ልምምድ ነበር፤ ባዶውን ጽዋ መሸፈን የለመደ እጅ የወንድሙን ጉድለት መሸፈን አይከብደውም። ምስጢሩንስ በልጅነቴ ከሸማው ሥር ስፈልገው፣ በእጄ ይዤ እየገመጥሁት ነበር።

ይህን ስጽፍ ብዕሬ ማመንታቱ አልቀረም። የማንንም ስም ያልጠራሁት ስለዚህ ነው። የአባቴ ነገር የእኔም ስለ ሆነ ጻፍሁት። ከዚያች ማታ ወዲህ በማኅበሩ ያየሁትን ግን አልጽፍም።