ሁለቱ ነጥቦች

የደጋ ልጅ ስለ ባሕር ዓሣ ሲጽፍ የሚያነብ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። እኛም ብዕር ያነሣነው የዓሣ ማጥመድ ጥበብ ኖሮን ሳይሆን፥ ዐወቅን ብለን የወንድማችንን ልጆች ለአደጋ ልናጋልጥ ጥቂት ቀርቶን ስለ ነበረ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደን፥ በወደብ ሥራ የሚተዳደረውን ታናሽ ወንድማችንን ጠየቅነው። እርሱም አንድ ማለዳ ከአንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጋር በጀልባ አሳፍሮ፥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደሚገኙት ሙሻ ደሴቶች ወሰደን። እኛ ደግሞ ከጕዞው በፊት ቦሃር ስለሚባለው ትልቅ ቀይ ዓሣ መጽሐፍ አገላብጠን ነበር። ስሙ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን፥ በቀይ ባሕር አይቶ የመዘገበው የስዊድኑ ሊቅ ፒተር ፎርስኮል ነው፤ ጽሑፉም እርሱ ከሞተ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1775 ታተመ።

አዛውንቱ ጀልባዪቱን ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ ወደ ጥልቁ በሚያዘቀዝቅበት ጠርዝ ላይ አቆሙ። በወፍራም የናይለን ክር እርሳስና መንጠቆ አስረው፥ የሳርዲን ቍራጭ ሰክተው ለቀቁት። ይህ ዓሣ መንጠቆውን እንደ ነከሰ ወደ ድንጋዩ ዋሻ ይሮጣል፤ ክሩም በስለታሙ ኮራል ይቈረጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስቦሽ ማመንታት የሌለበት መሆን ይገባዋል። ክሩ መዳፋችንን እየላጠ አለፈ፤ በሦስት ሰው ጕልበትም ክንድ የሚያህል፥ ክራንቻው የገጠጠ ቀይ ዓሣ ወጣ።

በመጽሐፉ ቦሃር በጀርባው ላይ ሁለት ብርማ ነጥቦች እንዳሉት አንብበናል። በዚህኛው ላይ ግን አንድም አልነበረም። ስለዚህ ‹‹ይህስ ቦሃር አይደለም፤ በልጅነቱ በማንግሮቭ ዛፎች ሥር የሚያድገው ሌላው ቀይ ዓሣ ነው፤ ለልጆቹ እራት ይሁን›› ብለን ፈረድን። አዛውንቱ ዝም ብለው ሰሙንና የዓሣውን ራስ ወደ እኛ አዞሩ። ወንድማችንም፥ ‹‹ጋሼ፥ ጣትዎን ከዚህ ላይ ያኑሩ ይሉዎታል›› ሲል ተረጐመልን። ከአፍንጫው ቀዳዳ እስከ ዐይኑ ድረስ በጣት የሚዳሰስ ቦይ ነበረ። ነጥቦቹ ዓሣው ሲያድግ ብዙ ጊዜ የሚጠፉ የልጅነት ምልክቶች ናቸው፤ ቦዩ ግን ይኖራል፤ በማንግሮቭ በሚያድገው ዓሣ ላይ አይገኝም።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በኮራል አጠገብ የሚኖሩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ሲጓቴራ የተባለውን ሕመም የሚያመጣ መርዝ አላቸው፤ ትንሹ ዓሣ እነርሱን፥ ትልቁም ትንሹን ሲበላ መርዙ እየተከማቸ ይሄዳል። ቦሃር እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ፥ ከ50 ዓመት በላይም ሊኖር የሚችል አዳኝ ነውና፥ በትልልቆቹ ውስጥ መርዙ ሊበዛ ይችላል። ሽታም ጣዕምም የለውም፤ እሳትም ጨውም በረዶም አያጠፋውም። የተመረዘው ሰው ያስመልሰዋል፥ ከንፈሩን ይነዝረዋል፥ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካ እንደ እሳት ሊያቃጥለው ይችላል። ቦሃር በብዙ ስፍራ ያለ ጕዳት መበላቱ እውነት ነው፤ ሆኖም በአውስትራልያ፥ በኲንስላንድ፥ አጥምዶ ማስቀረቱ በሕግ የተከለከለ ነው። በባሕር አገር የምትኖሩ ቤተ ሰቦች ሆይ፥ ትልቅ የኮራል ዓሣ ስትገዙ ስሙንና የተጠመደበትን ስፍራ ከሚያውቅ ሰው ሳትጠይቁ ድስት አትጣዱ።

አዛውንቱ ያን ዓሣ ለመንጠቆ ምግብ ቈራረጡትና ለልጆቹ ከራሳቸው ቅርጫት ጥቂት ትንንሽ ዓሦች ሰጡን። በዚያች ማታ ልጆቹ እየተሻሙ ሲበሉ እኛ የተላጠ መዳፋችንን ይዘን ዝም ብለን ተመለከትናቸው። የኔታ በልጅነታችን፥ ንባብ ያደላደለ ሁሉ ትርጓሜ ዐወቀ ማለት እንዳይደለ ይነግሩን ነበር። ነገሩ የገባን ግን ዘግይቶ፥ ጣታችንን በዓሣው ራስ ላይ ባኖርን ጊዜ ነው።