ረመዳን በወዳጅ አገር



በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት «ወዳጅ አገር» ትባል ነበር። በኅዳር 1971 የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈርሟል፤ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ወዳጅነቱ ማለት መሣሪያና ወታደራዊ አማካሪ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ከሌላ በኩል ነው። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ አንድ ዘመዳችን በ1970ዎቹ ሞስኮ በሚገኘው ኤምባሲያችን ይሠሩ ነበር። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ግቢ ተነስቼ፣ ሐረጎን ወጥቼ ቤት ስገባ ጋሼን ሳልጠይቅ አልመለስም። እኔ ስለ ፋብሪካና ስለ ባቡር እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው የሚነግሩኝ ስለ ድንችና ስለ ዘበኛ ነው።

ዲፕሎማት ቤቱን ራሱ ፈልጎ አይከራይም። ቤቱን፣ ሾፌሩን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ የቋንቋ አስተማሪውን ሳይቀር የሚመድብ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። በግቢው በር ላይ ፖሊስ ይቆማል። «ጠባቂያችሁ ነው ይሉናል፤ የሚጠብቀው ግን እኛን ከሌባ ሳይሆን ጎረቤቶቻችንን ከእኛ ነበር» ይላሉ ጋሼ። ሩሲያዊ ወዳጃቸውን ቡና ልጋብዝ ቢሉ፣ እንግዳው በዚያ ፖሊስ ፊት ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ አይመጣም። ገበያውም ሁለት ዓይነት ነው፦ ሕዝቡ የሚሰለፍበት ሱቅና በውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ቤሪዮዝካ። ጋሼ የሚገቡት ሁለተኛው ነበር። ሥጋ ግን አይገዙም። ማን እንዳረደው ስለማይታወቅ በዓሣ፣ በእንቁላልና በድንች ኖሩ።

ሥራቸው የተማሪዎች ጉዳይ ነበር። ከኪየቭ፣ ከኦዴሳ፣ ከታሽከንት ይጻፍላቸዋል፤ ፓስፖርቱ ጊዜው ያለፈበት፣ ሩሲያዊት ሊያገባ የፈለገ፣ ብርዱን አልቻልኩም ብሎ የሚያለቅስ። (ዛሬ ከእኛ መካከል ለቻይና ስኮላርሺፕ ፎርም የሚሞላው ብዙ ስለሆነ፣ ይህን ከራሳቸው አንደበት ብትሰሙት ደስ ይለኝ ነበር።)

ጁሙዓ የሚሰግዱት እ.ኤ.አ. በ1904 በተሠራው የታታሮች መስጊድ ነበር። በኮሚኒስቶቹ ዘመን ሳይዘጋ ቆይቷል፤ ለብዙ ዓመታት በሞስኮ ክፍት የነበረው እሱ ብቻ ነው። ከ1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ በፊት ሊፈርስ ታስቦ፣ የዓረብ አገሮች አምባሳደሮች ጣልቃ ገብተው እንደተረፈ ይነገራል። የአሁኑ ትልቅ ሕንጻ እዚያው ቦታ ላይ መስከረም 2008 ተመረቀ። ዛሬ ለኤምባሲያችንም ለመስጊዱም የሚወረድበት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አንድ ነው፤ ፕሮስፔክት ሚራ ይባላል፣ «የሰላም ጎዳና» እንደማለት። በዚያ ሶፍ ውስጥ አጠገባቸው የቆመው ሰላይ ይሁን ሰጋጅ ጋሼ አያውቁም። «ትከሻ ለትከሻ ከገጠምክ በኋላ ማን ይጠይቃል?» ይሉኛል።

በ1976 ረመዳን የገባው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ አይደለሁ፣ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሰኔ የደሴ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሞስኮ ግን 17 ሰዓት ተኩል። ይህ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ብቻ ነው፤ ከፈጅር ሲቆጠር ደግሞ ይረዝማል። እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ ፀሐይዋ ከአድማስ በታች የምትወርደው 11 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ሰማዩ ጥቁር አይሆንም። ስሌቱን ሳሳያቸው ሳቁብኝ፦ «አንተ በወረቀት ጾምከው።»

ከጾሙ ይልቅ የከበዳቸው ግብዣው ነበር። የአገር በዓል በመጣ ቁጥር ብርጭቆ ይነሳል፤ «ለወዳጅነታችን አትጠጣም?» ይባላሉ። ጎርባቾቭ በግንቦት 1977 በመጠጥ ላይ ዘመቻ ሲከፍት የመንግሥት ግብዣው በማዕድን ውሃ ሆነ። «አልሐምዱሊላህ፣ ማዕከላዊ ኮሚቴው ደረሰልኝ» ብለው አሁንም ይስቃሉ።

ከዚያ በፊት የነበረውን መስከረም ሲያነሱ ግን አይስቁም። አብዮቱ 10 ዓመት ሞላው፣ ኢሠፓ ተመሠረተ፣ ኤምባሲውም ደገሰ። ወሎ እየረገፈ ነበር። ባቲ ላይ ያለቁት ዘመዶቻቸው ስም በደብዳቤ ከደሴ መጣላቸው። በኤምባሲው የሚባለው «ድርቅ» ነው፤ «ረሃብ» የሚለው ቃል በኮሪደሩ የተሰማው ጥቅምት ላይ የኮረም ሥዕል ዓለምን ካስጮኸ በኋላ ነው። ያን ሰሞን ቤሪዮዝካ ገብተው ቅቤውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

በኋላ የሶቪየት አንቶኖቮች፣ ሄሊኮፕተሮችና የጭነት መኪናዎች መጡ፤ እህል አመላለሱ። አንቶኖቮቹ ሰፋሪም ጭነዋል። የጋሼ የአክስት ልጆች ወለጋ የደረሱት እንዲያ ነው፤ ወደው አልነበረም። ታዲያ ወዳጅ አገር ለእርስዎ ምን ነበረች ብላቸው ቆይተው መለሱልኝ፦ «ልጄ፣ የአብራሪዎቹ ወረቀት በእኔ ጠረጴዛ ነው ያለፈው። የሚጭኑት ስንዴ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

በጥቅምት 1979 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሎኔል ጎሹ ወልዴ ኒውዮርክ ላይ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። «እርስዎስ ለምን አልቀሩም?» አልኳቸው።

«ሚኒስትር ሲቀር ዜና ነው። እኔ ብቀር ደሴ ያሉትን እናቴን ማን ያበላል?»

ከዚያም ሙስሐፋቸውን ገልጠው አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጡ፤ የዚያን ዓመት የረመዳን ሰዓት በእጃቸው የገለበጡባት ናት። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ከመጨረሻዎቹ መስመሮች የአንዷ ግን ትነበባለች፦ መግሪብ፣ 22:18።