በትሩ ስንት ክንድ ይሁን?

ዱላ ሁሉ ዱላ አይባልም። የእረኛው በትር ነው፤ የጎረምሳው ሽመል፣ የሽማግሌው ከዘራ፣ የመነኩሴው ምርኩዝ፣ የደብተራው መቋሚያ ነው። ሁሉም ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ሽመል ይዞ ማኅሌት የቆመ፣ መቋሚያ ይዞ ከብት የነዳ እኔ አላየሁም፤ ዓይናማዎቹም እናንተ ያያችሁ አይመስለኝም። የዕውር ዱላ ግን ለብዙ ዘመን የራሱ ስም አልነበረውም። ለምን ቢባል የራሱ ሥራ አልነበረውማ! አንዱን ጫፍ ዕውሩ፣ ሌላውን ጫፍ መሪው ልጅ ይይዝና ጉዞ ይጀመራል። ዱላው ገመድ ነበር ማለት ነው። ልጁ ሲቆም ዕውሩ ይቆማል፤ ልጁ ጨዋታ ካማረው ዕውሩ ከዋርካ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ይህን ዱላ አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ስምም ሥራም ያለው ዱላ አለን። በመጽሐፍ ቋንቋ «ነጭ በትር» ይባላል፤ እኛ እርስ በርሳችን ስንጠራው «ኬን» ነው የምንለው። ስለ እሱ እንድጽፍ ያስገደደኝ የአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጥያቄ ነው።

ልጁ ዓይኑ የጠፋው ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ አብሮ አደግ ጓደኛው ክንዱን እየሰጠው ትምህርቱን ጨረሰ። ዩኒቨርሲቲ ሲመደቡ ግን ጓደኛው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ እሱ ወደዚህ ወደ ስድስት ኪሎ ሆነ። እንግዲህ አስቡት። እራት የሚበላው እሱ ሲርበው ሳይሆን የዶርም ጎረቤቱ ሲርበው ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚሄደው ሌላ ሰው ማጥናት ሲያምረው ነው። በትር የለውም እንዳይባል አለው፤ ከርዳታ የመጣ፣ ማን ያህል ቁመት ላለው ሰው እንደተሠራ የማይታወቅ፣ ከእምብርቱ የማያልፍ። በክንዴ ብለካው ሁለት ክንድ ከአራት ጣት ሆነ። የውስጥ ላስቲኩም ረግቦ ሲያነሡት እንደ ተቀቀለ መኮሮኒ ይንጠለጠላል።

ታዲያ ዋሽንግተን ያለች አክስቱ ደወለችለት። «የኔ ጌታ፣ ለገና የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። እዚህ ኬኑ በያይነቱ ነው፤ የቱን ልግዛልህ? ትንሽዬ፣ ተጣጥፋ ቦርሳ የምትገባ ቆንጆ አለች። ማንም አያይብህም» አለችው። እሱም ወደኔ መጣና «ወንድሜ፣ ምን ልበላት?» አለኝ።

«ምን አስቸገረ፣ አንዱን ትግዛ!» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለመሆኑ ቁጥሩን ሳይጠይቅ ጫማ የሚልክ ዘመድ አለ? ጫማ ቢጠብ እግር ይላጣል፤ በትር ቢያጥር ሰው ዶርም ውስጥ ይቀራል። መንገደኛውም የሚመጣው አንዴ ነው።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1921 ብሪስቶል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሚኖር ጄምስ ቢግስ የሚሉት ፎቶግራፍ አንሺ በአደጋ ዓይኑ ጠፋ። በሰፈሩ የሚያልፈው መኪና ስላሰጋው ሾፌሮች እንዲያዩት ብሎ ከዘራውን ነጭ ቀለም ቀባው። በ1931 ደግሞ ጊዪ ዴርብሞን የተባሉ እመቤት ፓሪስ ላይ ለዓይነ ስውራን ነጭ በትር ማደል ጀመሩ። ልብ በሉ! እስከዚህ ድረስ በትሩ የሚያወራው ለሾፌርና ለትራፊክ ፖሊስ ነው። የያዘውን ሰው «እነሆ ጉድጓድ» አይለውም።

ለባለቤቱ አጥብቆ መናገር የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም ነው። በ1944 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ቫሊ ፎርጅ በሚባል የጦር ሆስፒታል ዓይናቸው የጠፋ ወታደሮች ይታከሙ ነበር። እዚያ ያሠለጥን የነበረው ሪቻርድ ሁቨር አሮጌው ዱላ አጭርም ከባድም መሆኑን ተረዳና ረዘም፣ ቀለል ያለ በትር አመጣ። በትሩ መደገፊያ መሆኑ ቀርቶ ከእግር እየቀደመ መሬቱን እንዲዳስስ አደረገ። ኋላም በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ኦክቶበር 15ን የነጭ በትር ቀን ብለው አወጁ፤ በኛም አገር ይከበራል። በዚያን ቀን ስለ ነጭነቱ ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ። ስለ ርዝመቱ ሲነገር ግን ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፤ ነጩ ለናንተ ነው፣ ርዝመቱ ለኔ።

ርዝመቱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ግራ እግሬ ሲቀድም የበትሩ ጫፍ በስተቀኝ መሬት ይነካል፤ ቀኝ እግሬ ሲቀድም በስተግራ። ግራና ቀኝ የሚሄድበት ስፋት ከትከሻዬ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ስለዚህ እግሬ ነገ የሚያርፍበትን ቦታ በትሬ ዛሬ ጎብኝቶታል። አሁን በትሩ አጭር ነው እንበል። ጫፉ ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ሲያገኝ እግሬ ቀድሞ ተነሥቷል፤ ወሬው ይደርሰኛል፣ ግን ከእግሬ ጋር እኩል ነው የሚደርሰኝ። እንግዲህ አጭር በትር የያዘ ሰው ሁለት ዕድል ነው ያለው፤ ወይ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ወይ መውደቅ። ሰውም አይቶ «ዓይነ ስውር መቼም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» ይላል። ቀስ ያለው ሰውየው አይደለም፣ በትሩ ነው!

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? የቀድሞዎቹ አሠልጣኞች ከመሬት እስከ ደረት አጥንት ጫፍ ይበቃል ይላሉ። በአሜሪካ በ1940 የተመሠረተው የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ሰዎች ግን እስከ አገጭ፣ አንዳንዴም እስከ አፍንጫ አስረዘሙት። «በሰው መሀል እግር ይጠልፋል» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፤ ግን ግፊያ ውስጥ ስንገባ በትሩን ወደ ራሳችን አቁመን፣ ከእጀታው ዝቅ ብለን እንደ እስክሪብቶ እንይዘዋለን። ረጅሙን በዘዴ ማሳጠር ይቻላል። አጭሩን ግን በጸሎትም ማስረዘም አይቻልም። ስለዚህ እኔ የአገጭ ወገን ነኝ። ሰፋ አድርጎ ለሚራመድ፣ መፍጠን ለሚወድ ሰውማ የግድ ነው።

ልጁን ከበሩ መቃን አስደግፌ በክንዴ ለካሁት። ከመሬት እስከ አገጩ ሦስት ክንድ ከጥቂት ጣት ሆነ። አክስቱ አገር ግን የሚሸጠው በኢንች ነው። ዶርማችን ያለው የጂኦግራፊ ተማሪ ሜትር አምጥቶ ደግሞ ለካው፤ 1 ሜትር ከ50 አለን። 59 ኢንች ማለት ነው።

ቀጥሎ መታጠፍ አለመታጠፉ መጣ። ከሁሉ የሚሻለው ወጥ የሆነው ነው። መገጣጠሚያ ስለሌለው የመሬቱ ንዝረት ሳይቆራረጥ ከጫፉ መዳፌ ድረስ ይመጣል። አስፋልቱ መቼ እንዳለቀ፣ ሣሩ መቼ እንደጀመረ አጥንቴ ያውቀዋል። የኔ ወጥ ነው፤ ከበሩ ኋላ እንደ አያቴ ሽመል ቆሞ ያድራል። ግን ሻንጣ አይገባም፤ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥም ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ባለ ቁጥር ከጎረቤት ጉልበት ጋር ይጣላል። ታጣፊው በውስጡ ላስቲክ ያለው፣ አራትም አምስትም ቦታ የሚሰበር ነው፤ ሲዘረጉት ራሱ ይገጣጠማል። ሲያረጅ መገጣጠሚያው ይላላና ወሬውን ያድበሰብሰዋል። እንደ ሬድዮ አንቴና አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገባም አለ፤ እሱ ድንጋይ በገጨ ቁጥር ወደ ውስጡ ሊሸሽ ይችላል። የተሠራበትንም መጠየቅ ነው። አሉሚኒየም ጠንካራ ነው፣ ግን ከጎበጠ ጎበጠ። ፋይበርግላስ ቀላል ነው፣ ይለመጣል። ካርበን ፋይበር ከሁሉ ይቀላል፤ የመኪና ጎማ ከወጣበት ግን ቀጭ ይላል።

ጫፉ ደግሞ የበትሩ ጫማ ነው። እንደ እርሳስ የቀጠነው ጥሩ ወሬኛ ነው፤ በኮብልስቶን ላይ ግን በየድንጋዩ መሀል እየተሰካ እጀታውን ሆድህ ውስጥ ይከተዋል። የብረቱ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ራሱ ዕውቀት ነው፤ ግድግዳ ሲቀርብ ድምፁ ይጠባል፣ ክፍት በር ሲደርሱ ይሰፋል። ወፈር ያለው፣ እንደ ኳስ የሚንከባለለው ይከብዳል፤ ግን በሸካራ መሬት ላይ ሳይሰካ ያልፋል። አዲስ አበባ ከ2024 ወዲህ በየዋናው ጎዳና ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ አግኝታለች፤ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ግን ኮብልስቶኑ፣ የክረምቱ ጭቃና መሬት ላይ የተዘረጋው ጉሊት ይጠብቃል። ስለዚህ ለልጁ የሚንከባለለውን፣ በመለዋወጫነት ደግሞ የብረቱን ወሰንን።

በትሩ የማይችለውንም ልናገር። ከወገብ በላይ ያለውን አያውቅም። ከሕንፃ የወጣ የባሕር ዛፍ አጠና፣ የቆመ የጭነት መኪና ጎን፣ ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ፤ እነዚህን የሚያገኛቸው ግንባራችን ነው። ከእጀታው ላይ በድምፅ ሞገድ ወደ ላይ እየፈተሸ መዳፍ የሚያንዘረዝር መሣሪያ ያለው በትር ተሠርቷል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ሲያልቅ የሚቀረው ያው ዱላው ነው። መጀመሪያ ዱላው ልክ ይሁን።

ትልቁ ነገር ግን «ማንም አያይብህም» ያለችው ነው። አክስቱን አልፈርድባትም። እሷ የምታውቀው ዓይነ ስውር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዱላውን ዘርግቶ የተቀመጠውን ነው፤ ልጇን ከዚያ ለመለየት ከፍቅር የተነሣ ያሰበችው ነው። ብዙዎቻችንም በትሩን ቦርሳ ከትተን፣ ግድግዳ እየታከክን፣ የሰው ኮቴ እየተከተልን እንሄዳለን። ግን በትሬን ቦርሳ ብከት ዓይኔ ይበራል እንዴ? ሰካራም እመስላለሁ እንጂ! በትር የሌለው ዓይነ ስውር ሲጋጭ ይሰደባል፤ በትር የያዘው ሲመጣ መንገድ ይለቀቃል። ይልቅ የሚያሳፍረው ሃያ ዓመት ሞልቶ ለእራት ሰው መጠበቅ ነው።

ዓይናማ ጓደኞቼም ከዚህ የሚደርሳችሁ ድርሻ አለ። በትራችንን ከጫፉ ይዛችሁ አትጎትቱን፤ ያንን የጥንቱን ገመድ መመለስ ነው። መርዳት ስትፈልጉ ጠይቁንና ክርናችሁን ስጡን። ዶርም በር ላይ ባልዲ አታስቀምጡ። በትሩ ጫማችሁን ቢነካ «ይቅርታ» ማለት አያሻችሁም፣ እኛም አንልም፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

ማታ አክስቱ ስትደውል አጠገቡ ነበርኩ። «ታጣፊ ይሁን እትዬ፣ ሻንጣ እንዲገባና ለታክሲ እንዲመች። ግን 59 ኢንች» አላት። ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። «59? የኔ ዓለም፣ እሱ እኮ ሰው ያካክላል! መንገደኛው ሁሉ ያይብሃል።»

«ይየኝ እንጂ እትዬ» አላት ልጁ፤ «እንዲያዩኝ አይደል እንዴ ነጭ የተቀባው?»

ትንሽ ቆየችና «በል ድገምልኝ፣ ልጻፈው» አለችው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። የመለዋወጫ ጫፉንም አልረሳም።