ነርስ ልጃችን የት ታገልግል?

ልጁን አስተምሮ ለሥራ ያበቃ ወላጅ ጭንቀቱ ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ልጅቱ የምትገባበትን የሥራ ቤት መምረጥ ከማስተማሩ ያላነሰ ምክር የሚያሻው ነው። ይልቁንም በነርስነት ሙያ የሰው ሕይወት በእጅ የሚያዝ ስለ ሆነ፣ ምርጫው የልጅቱ ብቻ ሳይሆን የሕመምተኛውም ጉዳይ ነው።

የሙያውን ክብር ለመመስከር አንድ ምሳሌ ይበቃል። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን በታመሙ ሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ትምህርት ተምረው ተመርቀዋል፤ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው በነቀምት ዐርፈዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የታመመ ሕፃን ማስታመምን ካላፈሩበት፣ ማናቸውም ቤተ ሰብ ልጁ ነርስ ብትሆን ክብሩ አይጎድልበትም።

የወንድማችን ልጅ ትምህርትዋን ስትፈጽም ሁለት በር ተከፈተላት፤ አንዱ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ሁለተኛው አንድ ሐኪም በራሱ ገንዘብ ያቋቋመው ክሊኒክ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር የሚበዛው ወደ ክሊኒኩ አደላ። ደመወዙ ላቅ ያለ ነው፤ ሥራውም የቀን ብቻ ስለ ሆነ አዳር ተረኝነት የለበትም። እናትዋም «ልጄ ሳይመሽ ቤትዋ ትገባልኛለች» ብላ ደስ አላት። ልጅቱ ግን አንገትዋን ደፍታ ሁሉን ከሰማች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሐኪሙም አዛዡም ደመወዝ ከፋዩም አንድ ሰው በሆነበት ቤት፣ ትእዛዙ ለሕመምተኛው የማይበጅ ቢመስለኝ ለማን እናገራለሁ?» አለችን። ለዚህ ጥያቄ ከመካከላችን ፈጥኖ የመለሰ አልነበረም።

ነገሩን ብንመረምረው ያገኘነው ይህ ነው። በሆስፒታል ከነርሲቱ በላይ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ከእርስዋም በላይ የነርሶች ሁሉ አለቃ አለች፤ ስለዚህ ጀማሪዋ የምትጠይቀውና የሚያርማት ሰው አታጣም። በማዋለጃው፣ በቀዶ ጥገናው፣ በሕፃናቱና በድንገተኛው ክፍል እየተዘዋወረችም ልዩ ልዩውን ሕመም ታያለች። ሆኖም ሕመምተኛው ብዙ፣ የሚረዳው እጅ ጥቂት ነው፤ ድካሙም ከባድ ነው።

ክሊኒኩንም መናቅ አይገባም። በዚያ ነርሲቱ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ የደም ግፊት ትለካለች፣ መዝገብም ትይዛለች፤ ለክትትል የሚመላለሱትን የስኳርና የግፊት ሕመምተኞች በየስማቸው ታውቃቸዋለች። ልጆች ላሉዋት እናት የቀን ሥራ ትልቅ ዕረፍት ነው። ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው የሚሉም ተሳስተዋል፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኛም ባለ መብት ሆኖአል። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ።

ልጅቱ ወደ ሆስፒታሉ ገባች፤ እኛም ደገፍናት። እናትዋ የልጅዋ አዳር በሆነ ሌሊት እስከ ዛሬ እንቅልፍ የላትም፤ ምርጫው ያለ ዋጋ እንዳልሆነም በዚህ እናውቃለን።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፣ ጀማሪ ነርስ አስቀድማ በሆስፒታል እጅዋን ታፍታታ እንላለን፤ ሙያዋ ከጸና በኋላ ክሊኒክ ብትመርጥ ማንም አይንቀፋት። ያን ጊዜም ወላጅ ስለ ደመወዙ ብዛት ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ውሉ በጽሕፈት ነውን? የጡረታው መዋጮ በየወሩ ይከፈላልን? ሐኪሙስ ነርሲቱ «ይህ መድኃኒት ይቆይ፤ እንደ ገና ይታይ» ስትለው የሚሰማ ሰው ነውን? ሦስተኛው ከሌለ የቀሩት ሁለቱ አይበቁም። በዚያ አልጋ ላይ ነገ የሚተኛው የእኛው ልጅ ሊሆን ይችላልና።