ሬንጀር ለብሶ ማሽላ መጠበቅ

ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ በጨፋ ሜዳ ዳር ማሽላ የዘራ ገበሬ እሸቱ ከያዘ ጀምሮ እስኪያጭድ ድረስ እንቅልፍ የለውም። ቀን ግሪሳና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት አለበት። ማማ ላይ የሚያድረው ጎረምሳ ታዲያ ለብርዱ የሚደርበው ብዙ ጊዜ ከገበያ የተገዛ ዝንጉርጉር ጃኬት ነው፤ ሬንጀር የምንለው። ወፍራም ነው፣ እሾህ አይቀደውም፣ ሲለብሱትም አዳኝ ያስመስላል። "ከርከሮው እንዳያየኝ ነው" ቢል ማን ይከራከረዋል?

እንከራከረው። ከርከሮ ዓይኑ ደካማ ነው፤ የሚተማመነው በአፍንጫውና በጆሮው ነው። ነፋሱ ከሰውየው ወደ እሱ ከነፈሰ የፈለገውን ቢለብስ የላቡ ሽታ ቀድሞ ይደርሳል። ሚዳቋና ዘመዶቿ ቀይና ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አጥርተው አይለዩም፤ ሰማያዊን ግን ጥሩ አድርገው ያያሉ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች አዳኞች ደማቅ ብርቱካናማ እንዲለብሱ በሕግ የሚያስገድዱት ለዚህ ነው። አጋዘኑ ቀለሙን ከቅጠሉ አይለየውም፣ ሌላው አዳኝ ግን ከሩቅ አይቶ ጣቱን ከምላጩ ያነሳል። የኛ ሰው ሬንጀሩን "ነጭ ያደርጋል" በተባለ ዱቄት ሳሙና አጥቦ ከሆነማ፣ ሳሙናው የሚተወው አብለጭላጭ ነገር ለሚዳቋ ዓይን ጭራሽ ያጋልጠዋል።

ዝንጀሮ ሌላ ነው። እንደ ሰው ሦስቱንም ቀለም ያያል። ወፍ ደግሞ እኛ የማናየውን ጨረር ሁሉ ታያለች። እነዚህን የሚያታልለው አለመንቀሳቀስ ነው። ዝንጉርጉሩ የሰውነትን ቅርጽ ይሰብራል፣ እውነት ነው፤ ግን ለተቀመጠ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማሽላ ጠባቂ አዳኝ አይደለም። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑን እንተወውና፣ ጠባቂው የሚፈልገው መታየት ነው። ይጮኻል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ወንጭፍ ይወረውራል። ማሳው መሐል ያቆመው ማስፈራሪያም ጨርቅ የተንጠለጠለበት እንዲታይ ነው። ታዲያ ራሱ ለምን ይደበቃል?

ከአውሬው ይልቅ የሚያሳስበው ሰው ነው። ይህ ዞን መጋቢት 2013 ላይ ከጅሌ ጥሙጋ እስከ አጣዬ የተዘረጋውን ግጭት አይቷል። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ገብቷል። ሐምሌ 2015 ላይ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ወድቋል። በነዚህ ዓመታት ሬንጀር የለበሰው ማን ነበር? ወታደር፣ ልዩ ኃይል፣ ሚሊሻ፣ ታጣቂ። በበጋ ደግሞ ጨፋ ረግረግ ላይ ከብት ይዞ የሚመጣው አርብቶ አደር ብዙ ነው፤ ሁሉም ሁሉንም አያውቅም። ምሽት ላይ ከማዶ ተራራ ቁልቁል የሚያይ ሰው የሚታየው ዝንጉርጉር ጃኬትና ትከሻ ላይ የተጋደመ ነገር ነው። ዱላ ይሁን ጠመንጃ በዚያ ብርሃን አይለይም። "ማሽላ እየጠበቅኩ ነው" ለማለት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት።

ከርከሮ የማያየው፣ ሰው ግን የሚሳሳትበት ልብስ እንዲህ ያለ ነው። ተቃራኒውም ገበያው ውስጥ አለ፤ ከሬንጀሩ ጎን ብርቱካናማ ሹራብ ተሰቅሎ ይሸጣል። ጎረምሳው ግን ዘወር ብሎም አያየው፤ "ይሄማ የሴት ነው" ይላል።