የአክስቴ ጥያቄ

የልጇ አርባ ባለፈ ማግስት አክስቴ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ የታጠፈ ወረቀት ፈታ ሰጠችኝ። «አንተ ባዮሎጂ ተምረህ የለ? ምን እንደሚል ንገረኝ።»

ውጭ አገር ከተላከ ናሙና የመጣ ውጤት ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጇ የአንጎል ግንድ ላይ ስለበቀለው ዕጢ «ኤች3.3 ኬ27ኤም» ይላል። እሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው። «በእኔ ዘር ነው በአባቱ? ወይስ እርጉዝ ሳለሁ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዷ ሴላችን ውስጥ 2 ሜትር ያህል ዲኤንኤ አለ። እንዳይተበተብ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል፤ በ8 ሂስቶኖች ላይ 147 ፊደል ያህል። አክስቴ ጥጥ ስትፈትል እያየሁ ስላደግኩ «እንዝርት ላይ እንዳለ ፈትል በይው» አልኳት። ጠብቆ የተጠመጠመው ጂን አይነበብም፤ ላላ ያለው ይነበባል።

እንዝርቶቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ኤች3.1 የሚባለው ሂስቶን በብዛት የሚገባው ሴሏ ልትከፈል ዲኤንኤዋን ስትገለብጥ ነው። በ5 አሚኖ አሲድ ብቻ የሚለየው ወንድሙ ኤች3.3 ግን በማንኛውም ጊዜ ይገባል፤ በተለይ ሥራ ላይ ያሉ ጂኖች ዘንድ። በሁለቱም 27ኛ ቦታ ላይ ላይሲን አለ። ሴሏ «ይህ ጂን ዝም ይበል» ብላ ማኅተም የምትመታው እዚያ ላይ ነው።

በዕጢው ውስጥ ያ ላይሲን በሜቲዮኒን ተተክቷል። ማኅተሙ ማረፊያ አጣ። የባሰው ደግሞ፣ የተበላሸው ሂስቶን ማኅተም መቺውን ኢንዛይም ስለሚያውከው በጤነኞቹ ላይም ማኅተሙ ይመናመናል። በጊዜያቸው መዘጋት የነበረባቸው ጂኖች ክፍት ይቀራሉ፤ ሴሏም መብሰሉን ትታ መባዛቷን ትቀጥላለች። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ልጆች ላይ በሚወጣው በዚህ የአንጎል ግንድ ዕጢ፣ ከ10 በ8ቱ ገደማ ይህንኑ ለውጥ አገኙ።

ለውጡ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ አይደለም። ልጁ አንጎል ውስጥ፣ በአንዲት ሴል፣ ከ3 ቢሊዮን ፊደል አንዷ ተለወጠች። በቃ።

በ2025 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ለውጥ የመጀመሪያው መድኃኒት ተፈቅዷል፤ ፈውስ ባይሆንም። እሱን አልነገርኳትም።

«እና ማንም አይደለም?»

«ማንም አይደለም።»

ወረቀቱን አጥፋ መልሳ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ብዙ ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ። «እግዜር ያጽናሽ» ስንል ኖረናል፤ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ያላት ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።